አርባ ሰባት ደቂቃ ሰላምታ

«ቁረጪው!» አለች ሳራ።

ሬሕማ ቆረጠችው። በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙት ሽማግሌ አፋቸውን እንደከፈቱ ጠፉና እሳቸው በነበሩበት ቦታ አንዲት ቀይ ላም ብቅ አለች። ሁለቱ ልጃገረዶች በሳቅ ፍርስ አሉ።

ሽማግሌው የሬሕማ አያት ሐጅ ኦመር ናቸው። ሬሕማ በአካል አይታቸው አታውቅም። እሳቸው የሚኖሩት ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ እሷ የተወለደችው ካርቱም፣ ያደገችውም እዚሁ ጀብራ ሰፈር። ሳቋ የንቀት አልነበረም። ግን ምን ታድርግ? አያቷ ካሜራ ፊት ቆመው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ «ደህና ናችሁ ወይ» ከማለት ሌላ ምንም አላሉም።

«ዋላሂ፣ ሁሉም የሚያወሩት አንድ ዓይነት ነው» አለች ሬሕማ። «ደህና ነሽ፣ ደህና ናት፣ ደህና ናቸው... ከላስ! ገባን እኮ!»

«ፋራ ናቸው» አለች ሳራ። ሳራ የሬሕማ የክፍል ጓደኛ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም በዓለም ላይ ያልገባት ነገር የለም። «ይሄን ሁሉ ብታሳዪ የእናትሽን እንግዶች እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።»

ቪዲዮው የነበረበት የድሮ ካሴት የተቀረጸው ሬሕማ ከመወለዷ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ እናቷ ረሺዳ ገና ያላገባች ወጣት ነበረች፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ እያደረች ትሠራ ነበር። ከካርቱም ወደ ገጠር ስልክ መደወል ቀላል ስላልነበረ ቤተሰቡ አንድ ዘዴ ዘየደ። ከደሴ ካሜራ ያለው ሰው ተጠራ፤ ዘመድ አዝማድ ተራ በተራ ካሜራው ፊት እየቆመ ሰላምታውን ላከ። ካሴቱ በመንገደኛ እጅ ካርቱም ደረሰ። ረሺዳ በማዳሟ ማጫወቻ አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና የራሷ ማጫወቻ ስላልነበራት በሻርፕ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ቤት በቀየረች ቁጥር ካሴቱም አብሯት ይጓዛል።

ወደ ፋይል እናስቀይረው ያለችው ሬሕማ ናት። ሱቅ ዐረቢ፣ ከሃፍላዎቹ፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ጀርባ፣ ጋሽ ገብረየስ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ጠባብ ስቱዲዮ አላቸው። ካሴቱን ፈተው ሻጋታውን በጥጥ ጠረጉ፤ ገጥመው አጫወቱት። አልቆ ወደኋላ ሲጠነጠን ክሩ ብጥስ አለ።

«ይሄ ከእንግዲህ አይጫወትም» አሉ ገብረየስ ፍላሹን እያቀበሏት። «ስለዚህ ይህን ፋይል እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። አቪአይ ይሉታል። ከባድ ነው፤ ግን ካሴቱ ላይ የነበረውን ሁሉ ይዟል። ትልቁ ለማስቀመጥ ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ኤምፒ ፎር እያደረግሽ ታሳንሺዋለሽ። መቁረጥ ካማረሽ ኮፒውን ቁረጪ፣ ዋናውን እንዳትነኪ። እኔ ጋ የሚቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ አጠፋዋለሁ፣ ቦታ የለኝም።»

ሬሕማ ራሷን ነቀነቀች። ግማሹን ሰምታለች፤ ግማሹን የሃፍላዎቹ ጡሩንባ ወስዶታል። ገብረየስ ሦስት አራት ቁልፍ ብቻ ያለው ቀላል የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ስሙን በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋት ነበር። ሳራ ግን ልብ የሚረጭና ጽጌረዳ የሚያዘንብ ሌላ ፕሮግራም አገኘች። ጽጌረዳ እያለ ሦስት ቁልፍ ማን ይፈልጋል?

ለነገ፣ ለዓርብ፣ ረሺዳ ጓደኞቿን ጠርታለች። አምስት ሴቶች ናቸው። ሁሉም በየሰው ቤት ይሠራሉ፤ በሳምንት የሚያርፉት ዓርብን ብቻ ነው። ከዝናሽ በቀር ሁሉም የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ከጁምዓ በኋላ ይመጡና ሳይመሽ ወደየማዳሞቻቸው ይመለሳሉ። «ከሕረባው ደግሞ አይታመንም፤ መብራት ሳይሄድብን እንድንጨርስ አይርዘም» ብላ ነበር ረሺዳ። ሬሕማ መቁረጥ የጀመረችው ይህችን ቃል ይዛ ነው።

ለማንም ያልነገረችው ሌላ ምክንያትም ነበራት። ሴቶቹ በመጡ ቁጥር አማርኛዋን እየሰሙ ይስቃሉ። በተለይ ኻልቶ ሀጀራ፣ የእናቷ የልብ ጓደኛ፣ «ይቺ ልጅ እኮ አማርኛን በዐረብኛ ነው የምትናገረው!» ትላለች። ሬሕማ አብራ ትስቃለች፤ በሆዷ ግን ይቆረቁራታል። ነገ ይስቁ እንደሆነ ታያለች! ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጅ ቆንጆ ቪዲዮ ሠርታለች። አዲሱ የቆርቆሮ ቤት አለ፣ ላሟ አለች፣ አጎቷ ሙስዐብ ትምህርት ቤት እንደተከፈተ የሚናገርበት አለ። ወሬው ሁሉ አለ። የቀረው ሰላምታው ብቻ ነው።

ችግሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የተሠራውን ቪዲዮ ወደ ፍላሹ ልትገለብጥ ስትል ቦታ የለም የሚል መልእክት ወጣ። ፍላሹ ውስጥ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ትልቁ የካሴቱ ፋይልና የአባቷ የመንዙማ ስብስብ። አባቷ ሙሄዲን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አሁን ወደ ፖርት ሱዳን መንገድ ላይ ነው። ሲመለስ አንድ መንዙማ ብትጎድል የሚመጣውን ሬሕማ ታውቀዋለች።

«ትልቁን አጥፊዋ» አለች ሳራ። «ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርገሽ የለ? ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።»

ላፕቶፑ የጎረቤታቸው የኢክሪማ ነው። ለሳምንት ነው ያዋሳት፤ ላፕቶፑም እስከ አፍንጫው ሞልቷል። ሬሕማ የፕሮጀክቱን ፋይል አየችው። አለ፤ ስሙም «አያቴ» ይላል። መጠኑ ከአንድ ፎቶ ያነሰ መሆኑን አላየችም። ትልቁን አጠፋችው፣ ዘጠኝ ደቂቃዋን ገለበጠች፤ ሳራም ቤቷ ሄደች።

ረሺዳ ከሥራ ስትመለስ ስልክ በጆሮዋ ይዛ ነበር የገባችው።

«አባቴ በስምሽ ይጠራሻል ስልሽ፣ ሀጀራ! አንቺን ብቻ መሰለሽ? ‹እናትሽ ደህና ናት፣ ወንድሞችሽ ደህና ናቸው› እያለ አንድ በአንድ። ሁላችሁም ካሴቱ ላይ አላችሁ ብያችኋለሁ። ያኔ በአፌ የነገርኩሽን ነገ በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ። እንዳትቀሪ!»

ሬሕማ የያዘችው የሻይ ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ። እናቷ ሳምንቱን ሙሉ «ሁሉም ካሴቱ ላይ አሉ» ስትል ሬሕማ መልካቸውን ነበር የፈለገችው። አንዳቸውንም ስላላየች እማ ተረስቷት ነው ብላ አልፋው ነበር። ለካ ሴቶቹ ያሉት በስማቸው ነው። ያሉት በዚያ ማለቂያ በሌለው «ደህና ናት ወይ» ውስጥ ነው።

ላፕቶፑን ይዛ ጓዳ ገባች። ዘጠኙን ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ሀጀራ የሚል የለም። ፕሮጀክቱን ከፈተች። ስክሪኑ በቀይ ተሞላ፦ «ዋናው ፋይል አልተገኘም» ይላል። ፕሮጀክት የሚባለው ነገር የት የት እንደተቆረጠ የተጻፈበት ማስታወሻ ብቻ ነበር፤ ቪዲዮው ውስጡ አልነበረም።

ለሳራ ደወለች።

«በቃ፣ ካሴቱ አርጅቶ ተበላሽቷል በያቸው» አለች ሳራ ሳታመነታ። «ክሩ ተበጥሶ የለ? ሙሉ ውሸት አይደለም እኮ፣ ግማሽ ነው።»

ሬሕማ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ግማሽ ውሸቱ ደህና ይመስላል። ማንም አይቆጣትም። ገብረየስ እንኳ ስለ ክሩ ይመሰክሩላታል። በግድግዳው በኩል ግን እናቷ ለሌላዋ ጓደኛዋ ስትደውል፣ እንደ ልጅ ስትስቅ ይሰማል። እናቷ ከሥራ መጥታ እንዲህ ስትስቅ ሬሕማ ሰምታ አታውቅም።

ወጣች። «እማ፣ ሰላምታውን ቆርጬዋለሁ።»

«ምን ያህሉን?»

«ሁሉንም። ዋናውም ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሻርፗን ስትፈታ የነበረችው ረሺዳ እጇ አየር ላይ ቆመ። «ሰላምታውን ቆርጠሽ ምን አስቀረሽ?»

«ወሬውን። ቆርቆሮ ቤቱን... ላሟን...»

«ላሟ ሞታለች» አለች ረሺዳ። «ቆርቆሮውም ዝጎ ተቀይሯል። የአሥራ ስድስት ዓመት ወሬ ወሬ ነው እንዴ፣ ልጄ?» ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አይታወቅም። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መጨረሻውንም ቆረጥሽው? አባቴ መጨረሻ ላይ የሚለውን?»

«አልሰማሁትም። ሰላምታ መስሎኝ ነው።»

«ሰላምታ ነው» አለች ረሺዳ። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሻርፗን መልሳ ጠመጠመች። «ያላ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ሱቅ ዐረቢ ሲደርሱ ገብረየስ የስቱዲዮውን መዝጊያ ግማሽ አውርደው ነበር። ሬሕማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ።

«ከሰጠሁሽ ዘጠኝ ቀን። ዋናው እኔ ጋ የለም።» ፍላሹን ኮምፒውተራቸው ላይ ሰክተው ብዙ ታገሉ፤ ሬሕማ በላዩ ሌላ ስለጻፈችበት የተገኘው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር፤ አንዱም አልከፈት አለ። ረሺዳ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ሬሕማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዳይታይባት ወደ ግድግዳው ፎቶዎች ዞረች።

«ቆይ» አሉ ገብረየስ። «ሥራ ሳስረክብ ድምፁና ምስሉ እኩል መሄዱን የማይባት አንዲት ትንሽ ኮፒ አለችኝ። ስለማትከብድ የማጥፋቱ ነገር ትዝ አይለኝም...» ፈለጉ፣ አሁንም ፈለጉ። ከፈቱት።

ምስሉ የሚያሳዝን ነበር። ፊቶቹ ጉም ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ፤ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በልብሱ ቀለም ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ወጣ፦ «...ሀጀራስ፣ ደህና ናት ወይ? እናትሽ ደህና ናት በያት...»

ረሺዳ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ስታሳንሺው የሚጎዳው ምስሉ ነው» አሉ ገብረየስ። «ድምፅ ጥቂት ቦታ ይበቃዋል። አይዞሽ እህቴ፣ አርባ ሰባቱም ደቂቃ አለ።»

«አሁን አንሰማውም» አለች ረሺዳ። «ነገ ከሁሉም ጋር።»

ዓርብ ጠዋት ሬሕማ የገብረየስን ቀላል ፕሮግራም አወረደች። ደብዛዛውን ረጅም ቪዲዮ ከታች ዘረጋች፤ ጥርት ያለችውን ዘጠኝ ደቂቃ ደግሞ በየቦታዋ መልሳ ሰካች። አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል አልቻለችም፤ ጽጌረዳው ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ወጥቷል። የአባቷን መንዙማ ኢክሪማ ስልኩ ላይ ገልብጦ ስላስቀመጠላት ዛሬ ቦታ አልጠበባትም።

ሴቶቹ ከጁምዓ በኋላ መጡ፤ ቤቱ በሽቶና በጨዋታ ተሞላ። ሳራም መጥታ ሬሕማ አጠገብ ተቀመጠች። ቪዲዮው ተጀመረ። ሐጅ ኦመር በጉም ውስጥ ሆነው ለረሺዳ ሰላምታ ጀመሩ። ድንገት ላሟ መጣች። የጆሮዋ ፀጉር ሳይቀር ይታያል፤ በላይዋ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ይዘንባል።

«ኧረ ጉድ!» አለች ዝናሽ። «ሰዎቹ ሁሉ ደብዝዘው ላሟ ብቻ ተሞሸረች? ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉም ወደ ሬሕማ ዞሩ። ረሺዳ ልጇን ልታድናት አልሞከረችም።

«ካሴቱ አርጅቶ ነው በያቸው» አለች ሳራ በሹክሹክታ።

ሬሕማ ቪዲዮውን አቆመችና ተነሳች። «ካሴቱ ኩዌይስ፣ ደህና ነበር» አለች። አማርኛው ተደናቀፈባት፤ ቢሆንም ቀጠለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሰላምታው አሰልቺ መስሎኝ ቆረጥኩት፤ ከዚያ ትልቁን ፋይል ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። የተረፈው ይሄ ነው። ማዕሌሽ፣ ይቅርታ።»

አንዲቱ ሴትዮ ከንፈሯን በሐዘን መጠጠች። ሬሕማ ለመቀመጥ ፈራች፤ ከማጫወት ሌላ የምትሠራው ስላጣች ቁልፉን ተጫነች።

«...ሀጀራስ፣ ደህና ናት ወይ?» አሉ ሐጅ ኦመር።

«ደህና ነኝ!» ብላ ጮኸች ሀጀራ። «ደህና ነኝ አባባ፣ አልሐምዱሊላህ!»

«እናትሽ ደህና ናት በያት። ወንድሞቿም ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ!»

ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚችለው ጠፋ። ሐጅ ኦመር በጠሩ ቁጥር የተጠራችው ከምንጣፉ ላይ ብድግ እያለች ትመልሳለች። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትስቅባታለች፤ ወዲያው ስሟ ሲጠራ እሷም ታለቅሳለች። ስሟን የሚጠራላት ዝናሽ ብቻ አልነበራትም። ወደ መጨረሻው ግን ሐጅ ኦመር «አብረዋችሁ ላሉትም፣ ስማቸውን ለማላውቀውም ሁሉ፣ ደህና ናችሁ ወይ» አሉ።

«ይቺ እኔ ነኝ!» ብላ ዝናሽ እጇን አወጣች። «አየሽ ረሺዳ? እኔንም አልረሱኝም!»

በዚህ መሀል ቴሌቪዥኑ ጭልም አለ፤ ማራገቢያውም እየዘገመ ቆመ። ከሕረባ ሄደ። ሴቶቹ በአንድ አፍ «ወይኔ!» አሉ። ሬሕማ ፍላሹን ነቅላ ወደ ላፕቶፑ ሮጠች። ባትሪው ሃያ ሁለት ከመቶ ይላል። መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ስምንት ራስ በላዩ ተደፋ። ድምፁ አነስተኛ ስለነበር ማንም አልተነፈሰም።

«በመጨረሻ» አሉ ሐጅ ኦመር፤ ወደ ካሜራው ጠጋ ያሉ ይመስላል። «ረሺዳ ልጄ፣ አንድ ቀን አንቺም ትዳር ይዘሽ ልጅ ትወልጃለሽ፣ ኢንሻአላህ። ያንን ልጅ እኔ ላላየው እችላለሁ። ይህን ካሴት አስቀምጪና ንገሪልኝ። አያትህ፣ አያትሽ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ ብሏል በዪልኝ።»

ቪዲዮው አበቃ።

ሬሕማ ያቺን ሻርፕና ያንን ሻንጣ አሰበች፤ እናቷ በቀየረቻቸው ቤቶች ሁሉ ካሴቱን ይዛ መዞሯንም። ሰላምታው የእሷ ነበር። ሳትሰማው ቆርጣ ጥላው ነበር። ሁሉም የእሷን መልስ እየጠበቁ መሆኑ የገባት ዘግይቶ ነው።

«ደህና ነኝ፣ አባባ» አለች። አማርኛዋን ማንም አልሳቀበትም። ኻልቶ ሀጀራ ወደ ራሷ ስባ ግንባሯን ሳመቻት።

ሐጅ ኦመር ዛሬም በሕይወት አሉ። ጆሯቸው ቢደክምም አጎቷ ሙስዐብ ስልኩን አስጠግቶ ያሰማቸዋል። መልስ እንላክ ያለችው ዝናሽ ናት፤ የማያውቁኝን ሰው እኔ መጀመሪያ ሰላም እላለሁ ብላ ሻርፗን ማስተካከል ጀመረች። ሬሕማ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ መቅረጽ ጀመረች። ሴቶቹ ተሰለፉ። ሀጀራ ብቻዋን ስድስት ደቂቃ ፈጀች።

«አሳጥሪያት እንግዲህ» አለች ረሺዳ በመጨረሻ፣ በዓይኗ እየሳቀች። «እዚያ ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ እንዳትከብዳቸው።»

«ትንሽ አደርጋታለሁ» አለች ሬሕማ። «አጭር ግን አላደርጋትም። ትልቋንም ሁለት ቦታ አስቀምጣታለሁ።»

ሳራ ከጎን ሰዓቷን አየች። ተራው የሬሕማ ሆነ። ስልኩ ፊት ቆማ ፀጉሯን ወደኋላ አደረገች።

«አባባ፣ ደህና ነዎት ወይ?» ብላ ጀመረች። «አጎቴ ሙስዐብስ፣ ደህና ነው ወይ? ባለቤቱስ? ልጆቹስ?» የምታውቃቸውን ስሞች ስትጨርስ ወደ እናቷ ዞር አለች፤ ረሺዳ በሹክሹክታ ሌላ ስም ነገረቻት። ሬሕማ ያንንም ጠራች፣ ቀጥሎ ያለውንም። ስልኩ ደቂቃ ይቆጥራል፤ እሷም አልቸኮለችም።